የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ትገባለች?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ወፍ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲለመልም የሰው ዓይን ወደ ወፍ ማየቱ አይቀርም። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋን ረዘም አድርጌ ነው የምመልሳት። ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው 31 ዓመታት ተማሪዎቼ በየመስከረሙ ሲጠይቁኝ የኖሩት ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎት ከሐረር ነው። አባቴ ኤረር ሸለቆ ውስጥ ማሽላ ያርሳል። ታናሽ ወንድሜ 12 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት መልስ ወፍ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሰሞኑን ቀይና ጥቁር የሆነች ወፍ በወንጭፍ መትቶ ይዞ መጣ። «ግሪሳ ነች» አለ። እናቴ ደግሞ «የመስቀል ወፍ እንዴት ትገድላለህ!» ብላ ተቆጣችው። ጎረቤታችን ያሉ እማማ «የመስቀል ወፍማ ጥቁር ናት፤ ጅራቷ ረጅም ነው» ይላሉ። የቱ ነው እውነቱ? ደግሞስ የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ነው የምትገባው?

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ ወንድምሽን አትቆጡት። እኔም በእሱ ዕድሜ ያንኑ አድርጌአለሁ። የአያቴ ማሳም እዚያው ኤረር ውስጥ ነበር። ማማ ላይ ወጥቼ ከጠዋት እስከ ማታ እጮህ ነበር። አንድ ቀን የወንጭፌ ድንጋይ አንዲት ቀይ ወፍ ላይ አረፈ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ለሴት አያቴ አሳየኋት። ወፏን ከእጄ ተቀበለች። ክንፏን ዘርግታ አየች። «መስቀል እንኳን ሳይደርስ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያን ዕለት እራት ስታቀርብ ቀና ብላ አላየችኝም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ባዮሎጂ ያስመረጠኝም እሱ ይመስለኛል።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ወንድምሽ የመታት ወፍ ግሪሳ አይደለችም። አንገቷና ጀርባዋ እሳት የመሰለ ቀይ፣ ፊቷና ሆዷ ጥቁር ከሆነ፣ ፈረንጆች «ቀይ ጳጳስ» የሚሏት ናት። ቀለሟ የጳጳስ ልብስ ስላስታወሳቸው ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ዩፕሌክተስ ፍራንሲስካነስ ነው። ቀይ የሚሆነው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት።

የት ትገባለች ላልሽው፣ የትም አትገባም። እዚያው ማሳችሁ አካባቢ ናት። ልብሷን ነው የምትቀይረው።

ሰው ጠፍቶ ሲከርም «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» እንለዋለን። ወፏ ግን አልጠፋችም። ዝናቡ አልፎ ሣሩ ሲደርቅ ወንዱ ቀዩን ላባ ያራግፋል። እንደ ሴቷ ቡናማ፣ መስመር መስመር ያለበት ላባ ያበቅላል። ከሴቶቹና ከዓመቱ ልጆች ጋር ተቀላቅሎ በመንጋ ይዞራል። ያኔ ማን ለይቶ ያየዋል? ጥር ላይ «ተራ ወፍ ናት» ብለን የምናልፋት እሷው ናት።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምነግርሽ። ከድሬ ወጣ ብሎ ባለ የመስኖ ማሳ ዳር ቄጠማ የበቀለበት ቦይ ነበር። አንድ ዓመት ከ9 ተማሪዎቼ ጋር ከግንቦት እስከ ኅዳር በየቅዳሜው ማለዳ እዚያ እንሄድ ነበር። ደብተሩ አሁንም ከእኔ ጋር ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ «ሁሉም ቡናማ» ይላል። ሰኔ መጨረሻ ላይ «አንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ጠብታ የመሰለ ነገር አለው» ይላል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ያ ወፍ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቡናማ ሆነ። ተማሪዎቹ «ዝንጉርጉሩ» ብለው ስም አወጡለት። ነሐሴ ላይ ዝንጉርጉሩ ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ቄጠማው ጫፍ ላይ ተሰየመ። ላባውን ነፍቶ እንደ ኳስ ድብልብል ይላል። እንደ ጢንዚዛ ድምፅ እያሰማ ከአንዱ ቄጠማ ወደ ሌላው ይበራል። ሌላ ወንድ ከመጣ ያባርራል። ሴት ከመጣች የጎነጎነውን ጎጆ ያሳያታል። አንዱ ወንድ ብዙ ጎጆ ይሠራል፤ ብዙ ሴቶችም ክልሉ ውስጥ ይፈለፍላሉ። ጫጩት መመገቡ ግን የእናትየው ሥራ ነው። ኅዳር ላይ «ዝንጉርጉሩ ተመልሶ ዝንጉርጉር ሆኗል» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ አንዲት ተማሪዬ በቀይ እስክሪብቶ «አልሄደም!» ብላ ጨምራበታለች።

ለመሆኑ ልብስ ቀይር ብሎ የሚያዘው ምንድነው? ይህን ለማወቅ በ1930ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ኤሚል ዊትሺ የሚባል ሳይንቲስት ይህችኑ የእኛን ወፍ መረመረ። ብዙ ሰው የወንድ ጌጥ ከወንዴ ዘር እጢ የሚመጣ ይመስለው ነበር። በሌሎች ብዙ እንስሳት እንደዚያ ነው። የተኮላሹት ወንዶች ግን ወቅቱ ሲደርስ ቀይና ጥቁሩን ከመልበስ አልቀሩም። ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎል ሥር ካለች ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ እጢ ነበር። ሆርሞኑም ሉቲናይዚንግ ሆርሞን ይባላል። በኋላ ላቦራቶሪዎች ይህን ሆርሞን ለመፈተሽ የወፏን ላባ መጠቀም ጀመሩ። ጥቂት ላባ ነቅለው ሊፈትሹት የፈለጉትን ናሙና ይወጓታል። አዲስ የሚበቅለው ላባ ላይ ጥቁር መስመር ከታየ ሆርሞኑ አለ ማለት ነው። ቄጠማ ላይ የምናያት ወፍ በሐኪም ቤት ሳይንስ ውስጥ ይህን ያህል ድርሻ እንዳላት ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ አያምኑኝም ነበር።

አሁን ወደ ዘመድነቱ እንምጣ። ወንድምሽ ግሪሳ ማለቱ ከሜዳ የመጣ ስህተት አይደለም። ግሪሳና ቀይዋ ወፍ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ከሸማኔ ወፎች ቤተሰብ ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ወደ 120 ዝርያ አለ። ወገናቸው ግን ይለያያል። ቀይዋ ካለችበት ዩፕሌክተስ ከሚባለው ወገን 18 ዝርያዎች ይቆጠራሉ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «አሳምሮ የሚጎነጉን» እንደ ማለት ነው። ጥሩ ስም ነው። ቤተሰቡን ቤተሰብ ያደረገው ሣሩን ሰንጥቆ፣ አሳልፎ፣ ቋጥሮ መጎንጎኑ ነውና።

የድሮዎቹ ሊቃውንት ግን የሚያዩት ምንቃር ነበር። ኢዘርት የሚባል ሐኪም በ1789 ከአክራ ያገኛትን ይህችን ቀይ ወፍ ሲመዘግብ፣ በሰሜን አገር የጥድ ፍሬ ከሚፈለቅቀው ጠማማ ምንቃር ወፍ ጋር በአንድ ስም አስገባት። ምክንያቱ የሁለቱም ምንቃር ወፍራም መሆኑ ነው። ለእንስሳት ሳይንሳዊ ስም የማውጣቱን ሥርዓት ያስያዘው ስዊድናዊው ሊኒየስም በ1758 ግሪሳን ሲሰይም አገሯ ሕንድ ነው ብሎ ጻፈ። ግሪሳ ግን ከአፍሪካ ውጪ ቤት የላትም። እንግዲህ ትልልቆቹ እንዲህ ከተሳሳቱ፣ የ12 ዓመት ልጅ ማማ ላይ ቆሞ ቢሳሳት ምን ይፈረድበታል?

እንዲህ ብለሽ አስረጂው። ግሪሳ ምንቃሯ ቀይ ነው። ሴቷ በመራቢያ ወቅት ብቻ ወደ ቢጫ ይለወጥባታል። ቀዩ ወፍ ግን ቀይ በለበሰበት ወቅት ምንቃሩ ጥቁር ነው። ሌላው ምልክት ብዛቱ ነው። ቀዩ ወፍ አንድ ሁለቱ፣ ቢበዛ ጥቂቶች ሆነው እዚህም እዚያም ቄጠማ ላይ ተነጣጥለው ይታያሉ። ግሪሳ ስትመጣ እንደ ጭስ ነው የምትመጣው። በዓለም ላይ ካሉ የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር አንደኛ ናት። ለመራባት የደረሱት ብቻ 1.5 ቢሊዮን ይደርሳሉ ተብሎ ተገምቷል። አንዷ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ትንሽ ይመስላል። አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ግን በቀን 100 ኩንታል ማለት ነው። አባትሽ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። ቀይዋም እሸት ትቀምሳለች፤ በተለይ ቡናማ ለብሳ በመንጋ ስትዞር። ጉዳቱ ግን ከግሪሳ ጋር አይወዳደርም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ለግሪሳ ተብሎ ማታ ማታ ማደሪያዋ ላይ ከአውሮፕላን መርዝ ሲረጭ፣ እዚያው ቄጠማ ውስጥ ያደረ ሁሉ አብሮ ይሞታል። መርዝ ዘመድ ከዘመድ አይለይም። እህል መዳን አለበት፤ ይህ አያከራክርም። ግን ከመረጨቱ በፊት እዚያ ውስጥ ማን እንዳደረ ሄዶ የሚያይ ሰው ቢኖር እወዳለሁ።

እማማም አልተሳሳቱም። «የመስቀል ወፍ» የአንዲት ዝርያ ስም አይደለም። በመስከረም አምራ ለታየች ወፍ ሁሉ የሰጠነው ስም ነው። ደጋ ላይ ያደገ ጓደኛዬ የመስቀል ወፍ የሚላት ጥቁርና ቢጫዋን ነው፤ እሷም የቀይዋ እህት ናት። ጥቁር ሆነው ጅራታቸው የሚረዝም ደግሞ ሁለት ዓይነት አሉ። አንዳንዶቹ እዚሁ ዩፕሌክተስ ውስጥ ናቸው። ኬንያ ውስጥ የሚኖር አንድ ዘመዳቸው ጅራቱ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ማልቴ አንደርሰን የተባለ ስዊድናዊ የአንዳንዶቹን ጅራት ቆርጦ በሌሎቹ ላይ በሙጫ ቀጠለ። ብዙ ሴት የሰፈረችው ጅራቱ በተቀጠለለት ዘንድ ነበር። ውጤቱን በ1982 አሳተመ። ሁለተኞቹ ባለ ረጅም ጅራቶች ግን ከሌላ ቤተሰብ ናቸው። የእነሱን ጉድ በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ አቦ መምህር ሰላም ነው? ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ዶሮ ስንመግብ ሦስት ዓይነት ትንንሽ ወፎች ይመጣሉ። አንዷ ውኃ ሰማያዊ ሆና ጉንጯ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። አንዷ ቀይ ናት፤ ሰው አትፈራም፣ በረንዳ ድረስ ትገባለች። ሦስተኛው ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ያበራል። ጥቁሩ የቀይዋን ድምፅ እየሰረቀ ይዘፍናል ብል ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ አልተሳሳትክም! ጆሮህ የተባረከ ነው። ይህን ጉዳይ ሳይንስ በቅጡ የተረዳው በ1960ዎቹ ነው፤ አንተ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ ሰማኸው።

ሰማያዊዋና ቀይዋ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ኤስትሪልዲድ ይባላሉ። ከአፍሪካ እስከ አውስትራሊያ ወደ 140 ዝርያ አላቸው። እኛ ሁሉንም ድምቢጥ ብለን እናልፋለን። ከሸማኔ ወፎች የሚለያቸው ቤት አሠራራቸው ነው። ሣር ሰብስበው ድቡልቡል ጎጆ ይከምራሉ እንጂ ቋጥረው አይጎነጉኑም። ባልና ሚስት ተራ በተራ ይታቀፋሉ። እንቁላላቸው ነጭ ነው፤ የቀይ ጳጳስዋ ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው።

ጉንጩ ላይ ቀይ ያለበት ወንዱ ነው። ሴቷ ነጥቡ የላትም። በሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ «ቤንጋሉስ» የሚል ቃል አለ። በ1766 ሊኒየስ ሲሰይማት ከቤንጋል የመጣች መስሎት ነው። ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ ጥሬ የምትለቅም ወፍ የሕንድ ስም ይዛ ቀረች። አንድ ቀን ወንዱ የሣር ሰበዝ በምንቃሩ ይዞ ቅርንጫፍ ላይ ሲዘል ካየህ ሥራህን ትተህ ተመልከተው። በ2015 ተመራማሪዎች የቅርብ ዘመዱን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሲያዩ፣ በአንዱ ዝላይ ውስጥ እግሩን ብዙ ጊዜ ይመታል። በዓይን አይታይም። እስክስታው በእግር ነው።

አሁን ጥቁሩ። ቪዱዋ ከሚባል ወገን ነው። ሴቷ ጎጆ አትሠራም፤ ቀይዋ ድምቢጥ ጎጆ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ድምቢጧ ከራሷ ልጆች ጋር ታሳድግላታለች። የድምቢጥ ጫጩት አፏን ስትከፍት ውስጡ ነጠብጣብ አለው። የእንግዳዋም ጫጩት አፍ ያንኑ ነጠብጣብ ይመስላል። አንዳንድ የኩኩ ጫጩቶች የቤቱን ልጆች ገፍተው ይጥላሉ። ይህ አይጥልም፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድጋል።

ወንዱ ጎጆ ውስጥ እያለ የአሳዳጊ አባቱን ዜማ ይማራል። አድጎ ያንን ይዘፍናል። ሴቷም ባል ስትመርጥ ያሳደጋትን ቤት ዜማ የሚያውቀውን ትመርጣለች። አንተ የሰማኸው ይህንን ነው። ጀርመናዊው ዩርገን ኒኮላይ በ1964 ይህን በዝርዝር አሳተመ። አሜሪካዊው ሮበርት ፔይን ከእሱ በኋላ ለረጅም ዓመታት አፍሪካ እየተመላለሰ አጠናው።

ምደባቸው ነው የበለጠ የሚገርመኝ። ቪዱዋዎች ለረጅም ጊዜ ከሸማኔ ወፎች ጋር ነበር የሚቆጠሩት። ወንዱ በክረምት ደምቆ በበጋ ቡናማ ስለሚሆን፣ አንዳንዱም ጅራቱ ስለሚረዝም፣ የቀይዋ ወፍ ዘመድ ይመስላል። የሐረሯ እማማ ካሏቸው ባለ ረጅም ጅራቶች አንዳንዶቹ እነዚህ ናቸው። ዲኤንኤው ሲታይ ግን የቅርብ ዘመዳቸው ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ልጅ የሚያሳድጉላቸው ድምቢጦች ራሳቸው! ዛሬ 20 ዝርያ ያለው የራሳቸው ቤተሰብ አላቸው።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ደብተር ያዝ። ጥቁሩ ላባውን ቀይሮ ቡናማ የሆነበትን ሳምንት ጻፍ። ያን ጊዜም ይዘፍን እንደሆነ ስማ። ጓደኞችህንም ጥራቸው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር። ግቢዬ ውስጥ ያለው ኒም ላይ ቢጫ ወፎች ሰፍረው ዘንባባዬን ቦጫጭቀው ጨረሱት። ጩኸታቸው ከንጋት ጀምሮ ነው። ልጆቼ ጎጆዎቹን በረጅም እንጨት አውርድ ይሉኛል። ላውርድ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎን አሁን አያውርዱ። ውስጡ እንቁላል ወይም ጫጩት አለ። እነዚህ እውነተኛዎቹ ሸማኔዎች ናቸው። ፊቱ ቡናማ ሆኖ ሌላው ቢጫ ከሆነ፣ ሩፔል በሚባል ጀርመናዊ አሳሽ ስም የሚጠራው ሸማኔ ወፍ ነው። እሱ ራሱ ነው በ1840 የመዘገበው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ውስጥም ይኖራል፤ እንደ ብዙ የድሬና የሐረር ሰው እዚያም እዚህም ዘመድ ያለው ነው።

ዘንባባዎን የሚሰነጥቁት ለጎጆው ክር ነው። ሥራው ሲያልቅ ይተውታል። ታኅሣሥ አካባቢ ጸጥ ሲሉ ግን ከማውረድዎ በፊት ከሥር ሆነው ጥቂት ጊዜ ይዩ። ከድምቢጦቹ ቤተሰብ አንገቱ ላይ እንደ ቢላ ምልክት ያለ ቀይ መስመር ያለበት አንድ ወፍ አለ። የሸማኔ ወፍ የተወውን ጎጆ ተከራይቶ የሚፈለፍለው እሱ ነው። ቆላ ስለሚወድ ድሬ ይስማማዋል። አንገተ ቀዩ ሲገባ ሲወጣ ካዩ ያንን ጎጆ ይተዉለትና የተቀረውን ያውርዱ። ካዩት ደግሞ ለእኔም ይጻፉልኝ፤ መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል።